ከጉርድ ፎቶ የተሣለ ሰው

ይህ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ሠላሳና አርባ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ የሠራሁት ስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስንመዘገብ በተሰጠን ቅጽ ላይ «የሥራ ልምድ» የሚል መስመር ነበር። ከፊቴ የተሰለፉት ተማሪዎች ሁሉ ባዶውን ሲያልፉት አየሁና እኔም ባዶውን አለፍኩት። ቅጹን ካስረከብኩ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጣቶቼ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ኖሬ፣ ምንም እንዳልሠራሁ ፈረምኩ ማለት ነው። ስለዚህ ያንን መስመር እዚህ ልሙላው። የአንባቢን ጊዜ እንዳላባክን እጠነቀቃለሁ።

የተወለድኩት ዳባት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ የሱቅ ማስታወቂያ በቀለም የሚጽፉ አንድ ሰው ዘንድ ገባሁ። ብሩሽ ከማስያዛቸው በፊት ሁለት ወር ያህል ፊደል በክር ሲያስለኩኝ ቆዩ። «ሆቴል» ብሎ የጀመረ ሰው ቦታ አልቆበት መጨረሻዋን ፊደል ጥግ ላይ ካጣበቃት፣ አላፊ አግዳሚው የሚያየው እሷን ብቻ ነው ይሉ ነበር። ከእሳቸው ወደ አንድ ፎቶ ቤት ተዛወርኩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት በኮምፒውተር የሰውን ፊት ማለስለስ ይወድ ነበር። የገበሬውን ሽብሽብ፣ የአሮጊቷን ንቅሳት፣ የተማሪውን ብጉር አንድ ላይ ያጠፋል። እኔም እሺ እያልኩ አጠፋሁ። ደሞዙ ለቤት ኪራይ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ የማስታውሰው የለኝም።

ሥራ የምለው የጀመረው ደባርቅ፣ ጋሼ መኳንንት ዘንድ ስገባ ነው። ጋሼ መኳንንት ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ነበሩ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው በከሰል የሰው ምስል ይሠራሉ። ዛሬ ያ ክፍል የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ እሳቸውም ዓይናቸው ስለደከመ ሥራውን ትተዋል። ያኔ ግን ከደረስጌም ከአምባራስም ሰው እየመጣ የሞተ ዘመዱን ያሠራ ነበር። የሚያመጡት አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ከመታወቂያ የተነቀለ ጉርድ ፎቶ።

ከሰሉን የምንሠራው ራሳችን ነን። ከወንዝ ዳር የአኻያ ቀንበጥ ቆርጠን፣ ልጠን፣ በእርሳስ ቁመት እንከረክመዋለን። ከዚያ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አጥብቀን ጠቅጥቀን፣ ክዳኑን በጭቃ መርገን እሳት ውስጥ እንቀብረዋለን። ጣሳው በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ አየር ያገኘውና አመድ ይሆናል። እኔ ጋሼን ለማስደሰት ቸኩዬ አንዴ ከፍቼዋለሁ። እሳቸው አመዱን አዩና ጣሳውን አጥበው መልሰው ሰጡኝ።

ጋሼ የሚያጠፉት በላጲስ ሳይሆን በዳቦ ልብ ነው። ከትናንት ዳቦ መሐሉን ይቆነጥሩና በጣታቸው አድበልብለው ከወረቀቱ ላይ ከሰሉን ያነሡበታል። ብርሃን የሚወጣው በዚያ ነው። ፍርፋሪው መሬት እንዳይወድቅ ጉልበታቸው ላይ ጋዜጣ ያነጥፋሉ፤ ሲጨርሱ ሰብስበው በአጥሩ ላይ ለወፍ ይበትኑታል። ጠቁሮም ቢሆን እህል ነው ይላሉ። ሙሉ መስመር የተሳሳተ እንደሆነ በዶሮ ላባ ያራግፉታል። ላባው ከሰሉን ሲወስድ ደብዛዛ ፈለጉን ይተወዋል፤ አዲሱ መስመር ከስሕተቱ አጠገብ ስለሚሰመር መልሶ መሳት ያስቸግራል።

ለእያንዳንዱ ሥራ የትእዛዝ ወረቀት ነበረን። ማን ነው? ከምን ይሠራል? የት ይቀመጣል? መቼ ይፈለጋል? ከታች «ያለቀበት ቀን» የሚል አለ፤ እሱን ያለ ጋሼ ፈቃድ ማንም አይሞላውም።

ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ሁለት ሰዎች ይመጡ ነበር። አንደኛው ዲያቆን እንዳለው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥላል፣ ረጅምና ዝምተኛ ነው። ሁለተኛዋ ሠናይት ናት፤ ለቱሪስት በካርድ ላይ ዋልያና ጭላዳ እየሣለች ትሸጣለች፣ ተራራውን ከፓርኩ ጠባቂዎች፣ ከስካውቶቹ ጋር በእግሯ ታውቀዋለች። እኔን «አቶ እሺ» ትለኛለች፤ የሚሉኝን ሁሉ እሺ ስለምል ነው። ጋሼ በሳምንቱ የተሠራውን ማቆሚያው ላይ ያደርጉና ሻያቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። ደንቡ አንድ ነው፦ አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ያምራል ማለት አይቆጠርም። የሚናገረው ጣቱን ቦታው ላይ ጠቁሞ ነው።

በ2015 ኅዳር ላይ ወይዘሮ እናና ከዳባት መጡ። ገበያ ላይ ጌሾና ቅመም የሚሸጡ ሴት ናቸው። ባላቸው አቶ ዳኘው፣ አምባራስ ላይ የፓርክ ስካውት ነበሩ፤ ሕመም የገደላቸው ልጃቸው ትርንጎ ሁለት ዓመቷ ሳለ ነው። ትርንጎ በጥር ልታገባ ነው። ወይዘሮ እናና ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው የባላቸውን የሥራ መታወቂያ ሰጡኝ። ፎቶው አውራ ጣት አይሞላም። ማኅተሙ በግራ ጉንጭና በአገጩ ላይ አርፏል።

ወረቀቱን መሙላት ጀመርኩ። ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ዕንባቸው መጣ። ከምን እንደሚሠራ በእጄ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ዕንባቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ማስቸገር መሰለኝ። ሁሉም ሰው ሳሎን ስለሚል «ሳሎን» ብዬ ጻፍኩና ወደ አራተኛው አለፍኩ። ለሠርጉ፣ ጥር አሥራ አራት።

ጋሼ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሲሰቅሉት «ሳሎን ነው ያሉህ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ በፊት ፊት ብቻዬን ሠርቼ አላውቅም፤ ለዚህ ነው የተጠነቀቅሁት። ጭንቅላቱን በሰው ልክ አደረግሁት፤ ጋሼ ከሰው ልክ ማለፍን አይወዱም። ወረቀቱ ከሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ዝቅ ብሎ አለቀ። ፎቶውም የሚያልቀው እዚያው ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሠናይት ጣቷን ግንባሩ ላይ አደረገች። «ይኼ ሰው ስካውት ነው ወይስ የባንክ ሠራተኛ? ፀሐይ የሚባል አይቶ አያውቅም» አለች። የአምባራስ ስካውት ዓመቱን ሙሉ ቆብ አይለየውም፤ ከቆቡ በላይ ያለው ግንባር ይፈካል፣ ከቆቡ በታች ያለው ይጠቁራል። ፎቶ ቤት የለመደው እጄ ፊቱን በሙሉ አለስልሶት ኖሯል። ዲያቆን እንዳለው «ዓይኖቹ ጠበቡ» አለ። ሠናይት እሱ የጻድቃንን ትልልቅ ዓይን መሣል ስለለመደ ነው አለችና ሁለተኛ ነገር በመናገሯ ጋሼ ሻይ እንድታመጣ ላኳት፤ ቅጣቱ ያ ነበር። ስትመለስ፣ በረዶና ገደል ሲያይ የኖረ ሰው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነው የሚያየው ብላ በሻዩ ላይ አከለችበት። የእንዳለውን አልተቀበልኩም፤ የእሷን ተቀበልኩ። ጋሼ ሥዕሉን ገልብጠው በጭንቅላቱ አቆሙት። ሲገለበጥ ፊት መሆኑ ይጠፋና ቅርጹ ብቻ ይቀራል። የግራው ጆሮ ከፍ ብሎ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

ማኅተሙ የሸፈነውን አገጭ ሦስት ጊዜ በላባ አራገፍኩት። በሁለተኛው ቅዳሜ ዲያቆን እንዳለው የቀኙን አገጭ በክር ለክተህ ወደ ግራ አትገልብጠው አለኝ፤ የሰው ፊት ሁለቱ ጎኑ እኩል አይደለም፣ እኩል የሆነ ፊት ማንንም አይመስልም። በሦስተኛው ማንም ጣቱን አላነሣም። ሠናይት በሩ ጋ ቆማ ብዙ አየችውና «እኔ እኚህን ሰውዬ መንገድ ላይ ሰላም ብያቸዋለሁ» አለች። ሞተው ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ነው። በዚያ ሳምንት ከእኔ በላይ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ጥር ዘጠኝ፣ ማክሰኞ፣ ወይዘሮ እናና ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጨርቁን አነሣሁት። እናቲቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «እሱ ነው» አሉ። ትርንጎ ቀረብ ብላ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አገጩን ቀስ እያለች አየች። አባቷን አታስታውሳቸውም፤ የምታውቃቸው በዚያው ፎቶ ነው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች፣ ወረቀቱ ወደሚያልቅበት ወረደ።

«ጉልበቱስ?» አለች።

 በእኛ አገር ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ወላጆቿ ጎን ለጎን ይቀመጡና ተንበርክካ ጉልበታቸውን ስማ፣ ተመርቃ ነው የምትሄደው። አባት ከሌለ የአባት ወንድም ይቀመጣል። የትርንጎ አጎት ግን በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም፤ አሁን ቦታው የእኔ ነው ብሎ መጥቷል። እሷ ደግሞ የእሱን ጉልበት አልስምም ብላለች። አባቴን አሥዬ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ ያለችው ሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል። ጉልበት ያለው ሥዕል ከሌለ አጎቷ ይቀመጣል።

ወይዘሮ እናና ይህንን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ጥፋቱ የእሳቸው የሆነ ያህል። ጋሼ ወደ ግድግዳው ሄደው የትእዛዙን ወረቀት አነበቡ።

«ይርጋ፣ እኒህን ሴት የት እንደሚቀመጥ ጠይቀሃቸው ነበር?»

«አልጠየቅኋቸውም» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ሴትዮዋ መለሱና ጥፋቱ የቤታችን ነው፣ እሑድ ጠዋት ዳባት ይደርሳል አሏቸው።  አንድ ወር ሙሉ ስለ አንድ ሰው ፊት ጣታችንን ስንጠቁም፣ ፊቱ ለምን እንደሚፈለግ ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቅ የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ፣ ጠየቅሁ ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

ችግሩ ቀኑ ነበር። ረቡዕ ከተራ ነው፤ ከቀትር በኋላ ታቦት ይወጣል። ሐሙስ ጥምቀት፣ ዓርብ ቃና ዘገሊላ። እንዳለው ዲያቆን ስለሆነ ከታቦቱ አይለይም፤ ጋሼም በእነዚያ ቀኖች ከሰል አይነኩም። የቀረን የማክሰኞ ግማሽ፣ የረቡዕ ጠዋትና ቅዳሜ ነው።

ጋሼ ሁለቱንም ማክሰኞ አስጠሩ። ከቅዳሜ ውጪ ሲጠሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደንቡ አልተለወጠም፤ አንድ ሰው አንድ ነገር። እንዳለው፣ ሁለተኛ ወረቀት ከሥር እንቀጥል፣ መጋጠሚያው ላይ የጋቢ እጥፋት ይለፍበት አለ። ጨርቅ ማጠፍ ዋና ሥራው ነው፤ የአንድ ቅዱስ ልብስ ለመሣል ሳምንት ይፈጅበታል። ሠናይት የተናገረችው ማንም ያላሰበውን ነው። «ልጅቷ በከንፈሯ ነው የምትነካው። ነጭ ለብሳ፣ አፏ ጠቁሮ ልትወጣ ነው?» አለች። ከሰሉ እንዳይረግፍ የፀጉር ስፕሬይ ብንነፋበትም ከንፈር ሲያርፍበት ከሰሉ ይነሣል። መስታወት እንዳናደርግ በዚያ መጠን ደባርቅ ውስጥ አይገኝም።

ጋሼ ወንበር ጎትተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አለበሱ። «ጉልበቱን አትሣለው። ዙሪያውን ብቻ አጥቁር» አሉኝ።

ረቡዕ እስከ ቀትር የሠራሁት ያንን ነው። ወይዘሮ እናና ከመሄዳቸው በፊት አቶ ዳኘው እንዴት ይቀመጡ እንደነበር ነግረውናል፤ ብርድ ስለገባበት ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው አያነሡም ነበር። ጋሼም እጃቸውን እንደዚያ አድርገው ሳይንቀሳቀሱ ቆዩ። የጋቢውን ሸለቆ አጠቆርኩ፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ጥላ አጠቆርኩ፣ የወንበሩን እግር አጠቆርኩ። ጉልበቶቹ ካልነካሁት ወረቀት ራሳቸው ወጡ። ካህናቱ ሲወጡ ከበሮ ተሰማ፤ ጋሼ ተነሥተው እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

ቅዳሜ ዲያቆን እንዳለው ድምፁ በዝማሬ ጠፍቶ መጣ። በሹክሹክታ የመጋጠሚያውን እጥፋት ሁለት ጊዜ አስተካከለልኝ። ወረቀቶቹን ከኋላ በዱቄት ሙጫና በጨርቅ አያይዘን ስስ ጣውላ ላይ ለጠፍናቸው። ከዚያ በዳቦ ልብ ጉልበቶቹ ላይ የተረፈውን ብናኝ ሁሉ አነሣሁ። ሠናይት የራሷን ነጭ መሐረብ ጉልበቱ ላይ ጫን አድርጋ አነሣችና አየችው። ነጭ ነበር። እኔ ፊቱን ከአዲሱ ጋር ላስማማ ብዬ ከሰል ስይዝ ጋሼ እጄን ያዙ። ፊቱ አልቋል፣ ይቅርታ የምትጠይቅበት ቦታ እሱ አይደለም አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ በሦስት ተሳፋሪዎች ጭን ላይ አጋድሜ ወሰድኩት። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዞር ብለው አዩትና ረዳቱን «እኒህ ሰውዬ ተኝተው የሚሄዱት ስንት ከፍለው ነው?» አሉት። ረዳቱም ስካውት በነፃ ነው የሚሄደው አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ጉልበቱን በሌጣ ወረቀት ሸፍኜ ይዤ ነበር።

ወይዘሮ እናና ቤት፣ ዳሱ ውስጥ፣ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተዘጋጅቷል። ሥዕሉን ቀኝ ወንበሩ ላይ አስደግፈን አቆምነው፤ የጣውላው ግርጌ መሬት ስለነካ ጉልበቶቹ የሰው ጉልበት ባለበት ከፍታ ዋሉ። አጎትየው ከሰዉ ኋላ ቆሞ የሥዕሉን ፊት ብዙ አየ። «ዳኘው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፤ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

ትርንጎ ወጣች። በመጀመሪያ የእናቷን ጉልበት ሳመችና ተመረቀች። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ዞራ ተንበረከከች፤ ቀኙን ሳመች፣ ግራውን ሳመች። ሳትነሣ ቀረች። የሳመ ሰው ምርቃት ይጠብቃል። ሥዕል እንደማይመርቅ አንዳችንም አላሰብንም፤ ዳሱ ውስጥ የነበረውም ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ነው ያሰበው። ወይዘሮ እናና ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አደረጉ።

«በአባትሽ አፍ ልመርቅሽ» አሉ። «ውለጂ፣ ክበጂ። እሱ ያላየውን አንቺ እይ።»

ሕዝቡ አሜን አለ። ትርንጎም ግንባሯን ሥዕሉ ላይ አስደግፋ ቆየችና ተነሣች። እኔ ያየሁት ከንፈሯን ነው። ንጹሕ ነበር። ግንባሯ ላይ ግን አንድ ጣት የሚያህል ጥቁር ነበር፤ ግንባሯ ካልተሣለው ቦታ አልፎ ጥላው ላይ አርፎ ኖሯል። ሚዜዋ ሶፍት ይዛ ሮጠች። ትርንጎ እጇን ያዘቻት።

«ተይው» አለች። እንደዚያው ሆና መኪና ገባች።

ሰኞ ለጋሼ ያየሁትን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። የግንባሩንም ነገርኳቸው፤ ስሕተት ነው ብዬ። ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ሃያ ዓመት መምህር ሆኜ ጉልበቴን የሳመኝ ተማሪ የለም። ዳባት ሄዶ ተሳመ» አሉ። ከዚያ የትእዛዙን ወረቀት ከግድግዳው አውርደው እስክሪብቶ ሰጡኝ።

ሥራውን የጨረስኩት ቅዳሜ ስለሆነ ጥር አሥራ ሦስት ብዬ ልጽፍ ስል አቆሙኝ። ልጅቷ ስትስም አይተሃል ወይ አሉኝ። አይቻለሁ አልኩ። እንግዲያው ያለቀው ያን ጊዜ ነው አሉ። መጀመሪያ ግን ሦስተኛውን ጥያቄ እንዳስተካክል ጠየቅኋቸው። «ሳሎን» የሚለውን ሰርዤ «ወንበር ላይ፣ ከእናቷ በስተቀኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

ያለቀበት ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.